ሰማያዊውን የበላች ቅል

አውራ ጣቴ ላይ ያለው ሰማያዊ ከሰኞ ጀምሮ አለ። በሳሙና ብለው፣ በሎሚ ብለው፣ ወይ ፍንክች። ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ስሰጥ ረዳቱ ጣቴን አይቶ «መርጠሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ። የላብራቶሪ ቀለም ነው ብዬ ሳቅኩ። ግን ይኸውልህ፣ ይሄ ቀለም ጣቴን በነካው ቁጥር የወይራ ጭስ ይሸተኛል፣ እናቴ ትመጣብኛለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሱሉልታ ያኔ እንደ ዛሬ ቤት በቤት አልሆነችም። ከጎጃም መንገድ ወረድ ሲሉ ሜዳ ነው፤ ጠዋት ጉሙ ውስጥ ሯጮች ኮቴያቸው ብቻ እየተሰማ ያልፋሉ። እናቴ አራት ላሞች ነበሯት። ማለቢያዋን በወይራ ሳታጥን ላም ሥር አትቀመጥም። ሰፈር ውስጥ አራስ ሲኖር፣ ጡቷ ወተት እምቢ ያላት እናት የምትልከው ወደ እኛ ቤት ነበር። ለሕፃን የሚሆን ወተት እሷ ቤት ነው ይባላል፤ ይህችን ስም ከላሞቿ አብልጣ ትወዳት ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ካፖርቱን በበጋም በክረምትም የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። ያን ሰሞን ስለ ኦክሲዶሪዳክቴዝ ኢንዛይሞች ያስተምረን ነበር። ስሙ አፍ ይሰብራል፤ እሱ ግን ቀለል አድርጎ ነገረን። «ሕዋስ ምግቡን የሚያቃጥለው በእሳት አይደለም» አለ። «ኤሌክትሮን ከምግቡ እየወሰዱ ለሚቀጥለው የሚያቀብሉ ኢንዛይሞች አሉ። በደቦ ቤት ሲሠራ ድንጋይ ሲቀባበሉ አላያችሁም? እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ የሚረከበው ኦክስጅን ነው።» ከዚያ የሜቲሊን ብሉ ጠርሙስ አወጣ። ወተት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ሲጨርሱት ኤሌክትሮኑን ለዚህ ቀለም ይሰጡታል፤ ቀለሙም ሲቀበል ሰማያዊነቱን ያጣል። ስለዚህ ባክቴሪያ የበዛበት ወተት ቶሎ ይነጣል፣ ንጹሑ ሰማያዊ እንደሆነ ይውላል። «ነገ የየቤታችሁን ወተት አምጡ» አለን።

በማግስቱ እናቴ ወተቱን አልባ «በማለቢያው ውሰጂው» ብላ ወደ ላሞቿ ዞረች። እኔ ግን ያንን የጠቆረ ማለቢያ ይዤ ሰው ፊት መቅረብ አፈርኩ። ግድግዳ ላይ ከአያቴ የመጣች፣ በዛጎል ያጌጠች የእርጎ ቅል ነበረችን። ከቤት አትወጣም፣ ተፈትጋ አትታጠብም። ሁልጊዜ ሥሯ ላይ ትንሽ እርጎ ይቀርላታል፤ በላዩ ወተት ይጨመራል፣ በሦስተኛው ቀን ይረጋል። ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው በእሷ ስለሆነ እኔም ክፍሉን ያከበርኩ መሰለኝ። እርጎውን ደፋሁት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኳት፣ ትኩሱን ወተት ሞላሁባት።

አስተማሪው የሁላችንንም ወተት በየቱቦው ቀድቶ፣ ሰማያዊውን ጠብ አድርጎ፣ ከድኖ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ደረደረው። የእኔ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ነጣ። የሌሎቹ ሰማያዊ ናቸው። ከኋላ አንዱ «የአራስ ወተት ማለት ይሄ ነው?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ቱቦዬን ከፍቶ ነቀነቀው፤ አየር ሲያገኝ ሰማያዊው ተመለሰ። «አያችሁ፣ ቀለሙ አልጠፋም፤ ሸክሙን ለኦክስጅን ሲያስረክብ መጣ» አለ። ማን ሊሰማው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። በማግስቱ ጠዋት አራሷ ጎረቤታችን ለወተት የምትልከው ጆግ ቀረ። እናቴ ወተቱን ይዛ በር ላይ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ገባች። የሆነውን ነገርኳት።

«በምን ነበር የወሰድሽው?» አለችኝ።

«በማለቢያው» አልኩ። ውሸቴን ነው። ቅሏ ባዶዋን ተሰቅላለች። እናቴ ቀና ብላ አየቻት።

በነጋታው ትኩስ ወተት በማለቢያዋ ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት መጣች። አስተማሪውን «አካም ቡልተን» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለችው። «ያንን ሰማያዊ ነገር እፊቴ ይጨምሩልኝ።»

«እሺ እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አቀረበላት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቱቦውን ስታይ ዋለች። ፀሐይዋ ከድስቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ እናቴ ጫማ ሄደች። ደወል ተደወለ፣ ደግሞ ተደወለ። ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም።

«ታዲያ የባለፈው ምን ነክቶት ነው?» አለ አስተማሪው ግራ ገብቶት። ወደ እኔ ዞረ፣ ክፍሉም ዞረ። ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «በእርጎ ቅል ቀድቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ተዘናግቼ።»

አስተማሪው ግንባሩን መታ። «እንግዲያው ቆሻሻ አይደለም! ሰማያዊውን የበሉት ቅሏ ውስጥ የሚኖሩት የእርጎ ባክቴሪያዎች ናቸው» አለ። የወተቷ ስም ተመለሰ። ከኋላ ግን «ትኩስ ወተት በእርጎ ቅል? ምን ዓይነት ሴትዮ ናቸው?» ሲባባሉ ሰማሁ። እኛ አገር እንዲህ የምትሳሳት ባለሙያ የለችም። ሰማሁና ዝም አልኩ።

ስንመለስ አስፋልቱን ተሻገርን። ከዚያ ቆም አለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቅሏን በሙቅ ውሃ ነው ያጠብሻት?»

«በቀዝቃዛ።»

«እሰይ። አልሞተችም ማለት ነው።»

የዚያን ዕለት ማታ ወተት ጨመረችባት። በአምስተኛው ቀን ረጋ። የአራሷም ጆግ ተመለሰ። እናቴ ነገሩን ከዚያ ወዲያ አንስታብኝ አታውቅም።

ካለፈች ቆየች። በረቷ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል። ቅሏ እኔ ጋ ናት፤ ወተት እየገዛሁ አንድም ሳምንት አላስጦምኳትም። እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከቅሏ ቀድቼ ሰማያዊውን ጠብ አደርጋለሁ፤ ሲነጣ ተማሪዎቹ ይገረማሉ። ታሪኩንም እነግራቸው ነበር፦ እናቴ ተሳስታ በእርጎ ቅል ሰጠችኝ እያልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት። ስናገረው እንኳ ያመኛል።

ሰኞ ዕለት ግን ወተቱ ሲነጣ እያየሁ «እሷ አልሰጠችኝም» አልኳቸው። «ሰርቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሷ እያወቀች በእኔ ፈንታ አፈረች።»

ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ይቅርታ ጠየቋቸው?» አለችኝ።

«አልጠየቅኳትም» አልኩ። ቱቦውን ስነቀንቀው ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ የተመለሰው ሰማያዊ ጣቴ ላይ ፈሰሰ።

ማታ ቅሏ ላይ ወተት ስጨምር «እማዬ፣ ነገርኳቸው» አልኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።