የእትዬ አስካለ የጠለለ ጠላ

ባለፈው እሁድ ሰርግ ቤት አንድ የጠርሙስ ቡሽ ዷ ብሎ ሲፈናጠር ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ። የካሚዮን ነጂዎች የጣሉትን የወይን ጠጅ ጠርሙስ ለቅመው በአሸዋና በሙቅ ውሃ ያጥቡና፣ በነጠላ ያጠለሉትን ጠላ ሞልተው፣ ማር ጠብ አድርገው፣ ቡሹን በሲባጎ ጠፍረው ጓዳ ያቆሙታል። ሳምንት ሲቆይ አተላው ታች ይዘቅጣል፤ ላይኛው ጥርት ብሎ ጣት ያሳያል።

«እንዳትነኪው፣ ከተነቃነቀ ይደፈርሳል» ይሉኝ ነበር፣ ጌሾ ጌሾ የሚል እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው።

አንድ ቀን አርበኞች ደብረ ሲና መንገድ ላይ ካሚዮን አቃጥለው ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ የጣሊያን ወታደርና ሁለት ባንዶች ቤት ለቤት ሊፈትሹ መጡ። እኔ ወንፊት ልዋስ ተልኬ እትዬ አስካለ ቤት ነበርኩ። ወታደሩ ጓዳ ገብቶ ጠርሙሶቹን በሰደፍ ገፋቸው። አንዱ ወድቆ ፈነዳ። ጥይት መሰለውና ዞሮ ተኮሰ። ባላቸው ጋሽ ደምሴ ሸማ ከሚሠሩበት ጉድጓድ ሳይነሱ በደረታቸው ተደፉ። የጀመሩት ኩታ በደም ራሰ።

እትዬ አስካለ ያዘሏትን ሕፃን ልጃቸውን ፈተው ክንዴ ላይ አደረጓት።

«ያዢልኝ። ወደ ቤታችሁ ሂጂ፤ ዞረሽ እንዳታዪ።»

ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን ዞሬ አየሁ። እትዬ አስካለ አንድ ጠርሙስ አንገቱን ይዘው የወታደሩን ፊት መቱት፤ ስባሪው እጃቸው ላይ ሲቀር በስባሪው ደገሙት። ዓይኑን ይዞ እየጮኸ ወደቀ። ባንዶቹ በሰደፍ ደብድበው፣ በጸጉራቸው ጎትተው ወሰዷቸው። ቤቱንም ለኮሱት። የቀሩት ጠርሙሶች እሳቱ ውስጥ አንድ በአንድ ሲፈነዱ ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ትንፈራገጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለን ገበያ መሀል ሰቀሏቸው።

ከሳምንት በኋላ አንደኛው ባንዳ ተመልሶ እኛ ቤት መጣ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን በአንድ ጡቷ፣ ሕፃኗን በሌላው ይዛ ተቀምጣለች።

«ይቺስ የማን ናት?» አላት።

«የኔ ናት። መንታ ናቸው» አለችው፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሁለቱንም ሕፃናት አይቶ ሄደ። እናቴ ከዚያ በኋላ ቃሏን አላጠፈችም። ያቺ ሕፃንም ዛሬ አርጅታ እንኳ ስለ ትውልዷ ሰው ሲጠይቃት፣ «ከወንድሜ ጋር መንታ ነን» ትላለች።