ስማቸውን የጠራችበት እሑድ

ጎረቤቴን ሶሬቲን መጀመሪያ ያወቅኋት ሰሞን ከባሏ ጋር የተኳረፈች መስሎኝ ነበር። እኔ ላፍቶ የገባሁት የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው፤ እነሱ ግን ሰፈሩ ገና እርሻ ሳለ የነበሩ ናቸው። አሁን የሚታረስ መሬት የላቸውም። ላሞች አሏቸው፤ ወተት የምንገዛው ከሶሬቲ ነው። ታዲያ ይህች ሴት የባሏን ስም ስትጠራ አንድም ቀን አልሰማሁም። በበኩር ልጃቸው ስም "የኢሉ አባት" ትላቸዋለች። አንድ ጊዜ ወረዳ አብረን ሄደን ጸሐፊው "የባለቤትዎ ስም?" ሲላት መታወቂያቸውን በመስኮት አቀበለችውና "አንብበው" አለችው። በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በሠርጓ ማግስት አማቷ አስቀምጠው፣ ደህና ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ መንገድ ላይም ከኋላው እንጂ ከፊቱ አትሄድም ብለዋታል። እሷም ቃል ገባች። አማትየው ከሞቱ ቆዩ፤ ቃሉ መጠበቁን የምትከታተል ግን የባሏ እህት ሞልቱ አለች፣ ዓይኗ የማይከደን። ባሏ ግን ቁርስ ሳይቀርብ አሥር ጊዜ "ሶሬቲ" ይላሉ። ይሄ ያናድደኛል፤ ምን ልደብቅ? "እኔ ብሆን በሳምንቱ ነበር የምጠራው" ስላት ሳቀችና "ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁትን ቃል ዛሬ ላፍርሰው?" አለችኝ።

ባለፈው ኅዳር ወረዳችን ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች የሦስት ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጀ። ባሏ ጋሽ ቦና ቀድመው ተመዘገቡ። ላም ተከትዬ ስሮጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አንደኛ ካልወጣሁ ጺሜን እላጫለሁ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወጁ። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው እስከ ሀና ማርያም ደርሰው ይመለሱ ነበር። ሶሬቲ ቁምጣ ሰፋችላቸው። ያቺ እሑድ እስክትደርስ ከእሳቸው ይልቅ እሷ እንቅልፍ አጣች።

እኔ፣ ሶሬቲና ሞልቱ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ቆምን። በቀኝ በኩል ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲኬድ የትምህርት ቤቱ ሜዳ አለ፤ ሩጫው የሚያልቀው እዚያ ነው። ሯጮቹ ብቅ አሉ። ጋሽ ቦና አንደኛ ናቸው! ከብስራተ ገብርኤል የመጡት ጡረተኛው መምህር ፊሊጶስ፣ አዲስ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተዋል። መንታ መንገዱ ላይ ባንዲራ ይዞ መንገድ እንዲያሳይ የተመደበው ሰው ደግሞ ቦታውን ለቆ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል።

ጋሽ ቦና ወደ ግራ ታጠፉ።

በግራ በኩል ድሮ የሚያርሱት ማሳ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። እግራቸው የለመደውን መንገድ ይዞ ነጎደ። ሰው ሁሉ "ጋሽ ቦና! ጋሽ ቦና!" እያለ ጮኸ። እሳቸው የተሞገሱ መስሏቸው እጃቸውን አውለብልበው ጭራሽ ፍጥነት ጨመሩ። ሶሬቲ "የኢሉ አባት!" አለች። ደግማ አለች። ድምጿ ጩኸቱ ውስጥ ሰጠመ። ሞልቱን አየቻት፤ ሞልቱም አየቻት። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

"ቦና!"

እንደዚያ ያለ ድምፅ አላት ብዬ አስቤም አላውቅ። ጋሽ ቦና ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዞረው ያዩት እሷን ነው። በጣቷ ወደ ቀኝ አሳየቻቸው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። እኛም ጫማችንን አውልቀን ተከተልናቸው። ፊሊጶስ በአንድ እርምጃ ቀደሟቸው።

ሜዳው ላይ ሞልቱ "በአደባባይ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጠራችህ" ብላ ለወንድሟ ከሰሰች። ሶሬቲ አንገቷን ደፍታ የሚመጣውን ጠበቀች። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ክፉ ቃል ቢወጣቸው አልምራቸውም።

ጋሽ ቦና እያለከለኩ ሜዳሊያቸውን ዳሰሱ። "እናቴ ከሞተች ወዲህ" አሉ፣ "ቦና ብቻ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ለሁሉም ጋሽ ነኝ።" ቀና ብለው አዩዋት። "እስቲ ድገሚው።"

ሶሬቲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አልቻለችም። እሳቸውም አላስገደዷትም፤ "በሉ እንሂድ፣ ጺሜም ነገ ይላጫል" ብለው እንደ ልማዳቸው ፊት ፊት ሄዱ። ሞልቱ ተከተለች። ሶሬቲ ጃኬታቸውንና የውኃ ጀሪካኑን ተሸክማ ከእኔ ጋር ከኋላ ቀረች። ትንሽ እንደሄድን ቆመችና ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ቦና" አለች፣ ሳትጮኽ። "ጠብቀኝ።"

ቆሙ። ተመልሰው ጀሪካኑን አነሱና ከጎኗ መራመድ ጀመሩ። ሞልቱ ብቻዋን ቀድማን ሄደች።