የድሬሰሩ ሴይቼንቶ

አሰላ ውስጥ ሞተር የሚያውቅ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የጠየቃችሁት ሰው ቢጠላኝ እንኳ የእኔን ስም ይነግራችኋል። ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ከዴራ እስከ ሮቤ መንገድ ላይ የቀረ አውቶቡስ ሲኖር ሰው የሚላከው ወደ እኔ ነበር፤ ዲፕሎማ የያዙ መካኒኮች አበቃለት ያሉትን ትራክተር ዲክሲስ ድረስ ሄጄ አስነስቻለሁ። ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ቀበሌው የሰፈራችንን መንገድ ኮብልስቶን ሊያነጥፍ ሲነሳ፣ መንገዱ ዳር ለዓመታት ቆማ የቀረችውን የአቶ ንጉሤን ሴይቼንቶ፣ ያቺን ትንሿን ፊያት፣ ከመንካቱ በፊት እኔ ዘንድ ሰው መላኩ ተገቢ ነበር። የመጣው ጨዋ ወጣት ነው። "ጋሼ በቀለ፣ እትዬ አስካለን ያነጋግሩልን፤ ሐሙስ በሰንሰለት ልንጎትታት ነው" አለኝ። እትዬ አስካለ የአቶ ንጉሤ ባለቤት ናቸው፤ ዛሬ ዓለማቸው ከአልጋ እስከ በረንዳ ነው። ስነግራቸው፣ "ትሂድ። ግን እንደ ሞተ አህያ ስትጎተት አላይም፣ በቄ። ድሮ እንደምትወጣው ትውጣ፤ አንተ ታውቅበታለህ" አሉኝ።

"አውቅበታለሁ" አልኩ። ቃሌ ወጣ።

ወዲያው ሄጄ የነከሰውን በር ፈልቅቄ ስከፍተው የዶሮ ላባና የበሰበሰ ስፖንጅ ሸተተኝ፤ ከዚያ ሥር ደግሞ፣ በስሱ፣ አዮዲን።

አቶ ንጉሤ ድሬሰር ነበሩ፤ የሰፈሩን ሁሉ ቁስል ያሰሩ፣ በመርፌያቸው ያላስለቀሱት ልጅ የሌለ፣ ሲሄዱም ሲመጡም አዮዲን አዮዲን የሚሉ ሰው። መኪና የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ መኪናዋን ግን ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ አይስማማትምና ጠዋት ጠዋት ካልተገፋች አትነሳም። ገፊዎቹ እኛ ነበርን። እያንዳንዳችን የራሳችን ቦታ ነበረን፤ እኔ መሃል፣ ከኋላ ባለው የሞተሩ ክዳን ላይ፣ የጎረቤታችን ልጅ አበበች በቀኝ፣ ጓደኛዬ ቶላ በግራ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ፤ የሌላውን ቦታ የነካ ይደበደባል፣ የቶላ ቡጢ ደግሞ እስካሁን ትከሻዬ ያስታውሰዋል። ጉሙ ከገብሱ ማሳ ላይ ሳይነሳ፣ ጣታችን ቆርቆሮው ላይ እየደነዘዘ ገፍተን ገፍተን ቁልቁለቱ አፋፍ ስናደርሳት ታስላለች፣ ትተኩሳለች፣ ያኔ ሮጠን እንሳፈራለን፤ እስከ ጤና ጣቢያው በር እንደ ሹም ተቀምጠን እንወርድና ሽቅቡን እየተሳሳቅን በእግራችን እንመለሳለን። ቶላ ሁልጊዜ "ያስነሳኋት እኔ ነኝ!" ይል ነበር። ውሸቱን ነው። መሃል ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሞተር ምን እንደሆነ ያወቅሁትም በዚያ ክዳን ሽንቁር አፍንጫዬን ከትቼ ነው።

አቶ ንጉሤ ካረፉ በኋላ መኪናዋ እዚያው ቆመች። ሞተሯን የወሰደ ወሰደው፤ ጎማዎቿም እየተፈቱ የጋሪ ጎማ ሆኑ። እኔም ከጋሪ መልሼ ልወስድ ባለጋሪውን ሁሴንን ጠየቅሁት።

"ኦቦ በቀለ፣ ጎማውስ ይሁን" አለ እየሳቀ፤ "ፈረሱንም ላምጣልዎት?"

"ፈረስህን ድርቆሽ አብላው። እኛ ገፊ አለን።"

ረቡዕ ጠዋት ወጣን። የቀበሌው ልጅ መሪውን ያዘ። አበበች ከዘራዋን በረንዳው ላይ አስደግፋ መጣች፤ ማንም ሳይነግራት እጇ ወደ ቀኝ ሄደ። ሁሴን ሊያግዝ በግራ በኩል ሲጠጋ፣ "እዚያ አይደለም፣ ና ወደዚህ" አለችው። ቶላ ከሞተ ቆይቷል። የግራው ፓራፋንጎ ባዶውን ቀረ፤ ገፋን።

ያስለቅሰኛል ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። የተሰማኝ የቆርቆሮው ብርድ ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ከታች ጤና ጣቢያው በር ላይ የቆራሌው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር። መኪናዋ ስትቆም አበበች በሩን ይዛ፣ አሁን እንደምትሳፈር ሁሉ፣ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ለቀቀችው። ሽቅቡን በእግራችን ተመለስን። የሳቀ የለም፤ ደግሞም ያዘነ አልመሰለኝም፤ እየቆምን እናርፍ ነበር።

አሁን መንገዱ ተነጥፏል፣ ያምራል። እኔ ግን መኪናዋ ቆማ የነበረችበት ቦታ ስደርስ ዛሬም ዞሬ ነው የማልፈው።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር፣ ሰፈሩ ይመስክር። የዛገ የጎማ ኩሽኔታ በናፍጣ አርሼ አዞርኩ። የጋሪ ጎማ፣ ቀዳዳው አልገጥምም ሲል እያሰፋሁ፣ ለመኪና ገጠምኩ። የደረቀ መሪ አላላሁ፤ የሞተ ፍሬን እንዲይዝ አደረግሁ። ሰንሰለት ሳይነካት አወጣኋት። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ቆመው፣ አቶ ንጉሤን ወደ ሥራ ሲሸኙ ያደርጉት እንደነበረው፣ እጃቸውን እንዲያነሱ አደረግሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ደግሞ መሃሉን ለሁሴን ለቅቄ ወደ ግራ ዞርኩ፣ እጄንም የቶላ ቦታ ላይ አሳረፍኩ።

የደበደበኝ የለም።