የተጸያፊዋ ስም

ቢሮ ውስጥ ተጸያፊዋ እንላታለን። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ኪቦርዷን ገልብጣ ታራግፋለች። የሻይ ጭላጭ የደረቀበት ጠረጴዛ ካየች ፊቷ ይጨማደዳል። አለቃችን ስብሰባ ላይ ጥፍሩን በጥርሱ እየቆረጠ ምንጣፉ ላይ ትፍ ሲል ደግሞ ብድግ ብላ ትወጣለች። ሌላው ይስቅባታል። እኔ ግን ከጎኗ ስለምቀመጥ የሚያቅለሸልሻትን ሁሉ አያለሁ፤ አያስቅም።

ሥራችን መግለጫ መጻፍ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጋሩት አንድ የዲጂታል ቋት አለ፤ መምህራን ሥዕሉን፣ ቪዲዮውን፣ የድምፅ ትምህርቱን ይጭኑበታል። እኛ ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሆን፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ ሥዕል ከሆነም ምን እንደሚያሳይ እንጽፍበታለን። ሜታዳታ ይሉታል። እሱ ከሌለ ቋቱ ስም ያልተለጠፈበት ብልቃጥ የታጨቀበት መድኃኒት ቤት ማለት ነው።

ሲስተሙ ባዶ ሳጥን ሲያይ ቀይ ያበራል፤ ከተሞላ አረንጓዴ። ምን ተብሎ እንደተሞላ ግን ደንታ የለውም። ይህን የደረሱበት ባልደረቦቻችን ነጥብ ብቻ እየጻፉ ማለፍ ጀመሩ። ትንሽ ይሉኝታ ያላቸው «ሥዕል» ብለው ይጽፋሉ። ሥዕል መሆኑን ማን ጠየቃቸው? ደመወዛቸውን ተቀብለው፣ ብስኩታቸውን እየቆረጠሙ፣ በቅባታም ጣታቸው ያቺኑ «ሥዕል» ይለጥፋሉ። እኔንም ያንገሸግሸኛል።

«ይኼ እኮ ድስት ሳያጥቡ ክዳን ደፍቶ መሄድ ነው» ትላለች ተጸያፊዋ።

እሷን ያንገበገባት ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ዓይነ ስውር ነው። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ኮምፒውተሩ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ መግለጫው የሚለውን ያህል ነው ሥዕሉን የሚያየው። ማታ ስትገባ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ብዙ ሥዕል አየሁ» ይላታል። «ምን ምን አየህ?» ስትለው፣ «ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል» ብሎ ያስቃታል።

ዘንድሮ ለፊዚዮቴራፒ ሥልጠና የመግቢያ ፈተና ሊቀመጥ ነበር። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው። ተፈታኞቹን የሚያዘጋጀው መምህር ሰሌዳውን እየጠቆመ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እያለ ስለሚያስተምር፣ የልጁ ተስፋ የኛ ቋት ብቻ ሆነ። ከእያንዳንዱ መግለጫ ሥር ያረጋገጠው ሰው ስም የሚገባበት ሳጥን አለ፤ እሱም ባዶ ከሆነ ቀይ ነው። እሷ ደግሞ በዓይኗ ሳታይ ስሟን አታስቀምጥም። ስለዚህ ልጁ ዘዴ ፈጠረ፤ የእሷ ስም ሲነበብ ያጠናል፣ ካልተነበበ ይዘላል።

አለቃችንን መቶ በመቶ እንለዋለን፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንግዶች ቋቱን ሊያዩ ይመጣሉ ሲባል እሷን ጠርቶ ቀሪውን ፋይል ሁሉ አረጋግጪ አላት።

«ሳላየው አላረጋግጥም» አለችው።

«እሺ እሺ፣ ተይው» አለና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው አሁንም ይቀፈኛል። የሁላችንም ፓስወርድ እሱ ዘንድ ነው። በእሷ ስም ገብቶ ነጥቡንም፣ «ሥዕሉንም»፣ ስህተቱንም ባንድ ጊዜ አረጋገጠ። እኛ የምናውቀው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ቋቱ አረንጓዴ ሆኖ ስናየው ሌሎቹ ተሯሩጠው የጨረሱት መሰለን።

በፈተናው ዕለት ከሥራ ስንወጣ አብሬያት ቤት ሄድኩ። ልጁ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«የፕላስቲክ ሰው ሰጥተው ጉበቱን አሳየን አሉኝ» አለ። «በግራ በኩል እጄን አሳረፍኩ። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አላስታውስም፤ ሲስቁ ብቻ ነው የሰማሁት። ወድቀሃል አሉኝ።»

«ማነው በግራ ነው ያለህ?»

«አንቺ ነሻ!»

ኮምፒውተሩን ከፍታ የጉበቱን ሥዕል አወጣች። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቆሟል፤ ጉበቱ ለሚያየው ሰው በግራ ይታያል፣ በሰውየው ገላ ግን ቀኝ ነው። መግለጫውን የጻፈው ባልደረባችን ከወንበሩ ሳይነሳ በራሱ ግራ ለክቶት ነው። «ጉበት፣ በግራ በኩል።» ከሥሩ ደግሞ የእሷ ስም። ፕሮግራሙ ጥርት አድርጎ አነበበው። ተጸያፊዋ ወደ መታጠቢያው ሮጠች፤ አስመለሳት። ጀርባዋን ደገፍኳት።

በማግስቱ አለቃችን ቢሮ አብረን ገባን። ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«በማን ፈቃድ ነው ስሜን የጻፉበት?» አለችው።

«ለአንድ ግራና ቀኝ ነው ይኼ ሁሉ?» አለ፤ ማዮኔዙ አገጩ ላይ ነው። «አንቺ ደግሞ የማይቀፍሽ ነገር የለም!»

ትታው ወጣች። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ያላየችውን ፋይል እየከፈተች ስሟን ማንሳት ጀመረች። እኔም ወንበሬን ስቤ ዝርዝሩን አነብላት ጀመር። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው፣ የቋቱን ሁኔታ የሚያሳየው ትልቁ ስክሪን ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲለወጥ እንግዶቹ ደረጃውን እየወጡ ነበር። አለቃችን አፉን በእጅጌው እየጠረገ መጣ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየታጠብኩ ነው» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችውም።

ከዚያ ከሌላው ሁሉ አስቀድማ የጉበቱን መግለጫ እንደ አዲስ ጻፈችው። ሰውየው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ መቆሙን፣ ጉበቱ በራሱ በሰውየው ቀኝ፣ ከጎድን አጥንቶቹ ሥር መሆኑን። ደግማ ደጋግማ አይታ ስሟን አስቀመጠች። ማታ ቤት ስንደርስ ለወንድሟ ከፈተችለት። ስሟ እስኪነበብ ድረስ አዳመጠ። ድሮ ቢሆን ቀጥሎ ያለውን ይከፍት ነበር።

«ጥሩ ነው፣ እትዬ» አለ። ቀጥሎም፣ «ግቢያችን ያለችው ነርስ ገብታ ይሆን? ስለ ጉበቱ እሷንም ብጠይቃት ብዬ ነው» አለ።