ባይንደሩ ውስጥ ያልነበረው ደብተር

ጡረታ ወጥቼም የመጀመሪያውን የሥራ ቀን ሳስበው ልቤ ይመታል። አለቃዬ ዶና ጡብ የሚያክል የወረቀት ማቀፊያ ባይንደር ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አድርጋ፣ «የሚያስፈልግሽ ሁሉ እዚህ አለ» አለችኝ። የፍርድ ቤቶች ዝርዝር፣ የዋስትና ሕጉ፣ የመጠለያዎች ስልክ፣ ዋስ የሚሆን ሰው የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች፣ ሁሉም በየፈርጁ ተደርድሯል።

ሥራዬ የታሰሩ ሰዎችን ዋስትና በሚከታተል ቢሮ ውስጥ ማጣራት ነበር። እዚህ አገር ዋስነት ንግድ አይደለም፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ ዳኛ ፊት ቆሞ «እኔ እጠብቀዋለሁ» ይላል። እኛ ደግሞ የታሰረው ሰው የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያውቀው ደዋውለን እናረጋግጣለን። ከቢሮው አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሐበሻ ፋይል በሙሉ ወደኔ መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

በሁለተኛው ወር የሰለሞን ፋይል ደረሰኝ። ኖርዝ ዮርክ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ተጣልቶ ባልደረባውን ገፍትሮ ታሰረ። ቀደም ሲል በሌላ ትንሽ ክስ ከአንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ቀርቶ ስለነበር፣ ዐቃቤ ሕጉ «ከተለቀቀ አይመለስም» ብሎ ድርቅ አለ። ማክሰኞ በቪዲዮ ሳናግረው ስለ ክሱ አላነሳም።

«እህቴ፣ ቅዳሜ ሚስቴ ትገባለች። ስፖንሰር አድርጌ አምስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ማን ይቀበላታል?» አለኝ። ችሎቱ ሐሙስ ነበር።

ባይንደሩን ገልጬ በተራ በተራ ሄድኩበት። ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚኖርበትን ሕንፃ ቢሮ ኮል ሳደርግ «በዚህ ስም ተከራይ የለም» አሉኝ። ለካ ክፍሏን ከሌላ ሐበሻ ላይ ነው የተከራያት! ያ ሰውዬ ደግሞ የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። ዶና «አልተረጋገጠም ብለሽ ዝጊው» አለች። እጄ እምቢ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሰለሞንን እንደገና አገኘሁት። «ሰሌ፣ ሳትቀር የምትሄድበት ቦታ አለህ?» አልኩት።

«ዕድር አለኝ።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ! ዕድርማ ደብተር አለው! በየቀብሩ፣ በየስብሰባው፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ይጻፋል።

የዕድሩ ሰብሳቢ እትዬ ዘነበች ብሉር መንገድ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ደብተሩን ለማንም አይሰጡም። ከሥራ ወጥቼ ስሄድ ግን ራሳቸው ገለጡልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰለሞን ስም ፊት አንድም «ቀሪ» የለም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ቀኖቹን ከፋይሉ ጋር ሳመሳክር ክው አልኩ። ፍርድ ቤት የቀረበት ቀን ደብተሩ ላይ «ቀብር፣ ተገኝቷል» ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ገጽ እኮ ይጎዳዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ ልቅደደው? ወዲያ በይ!» አሉ ተቆጥተው። «እንዳለ ይዤው እቀርባለሁ። ዋሱም እኔው ነኝ።»

ሐሙስ ዐቃቤ ሕጉ የጨበጠው ያንኑ ገጽ ነበር። «ከፍርድ ቤት ቀብር መርጧል። ነገስ?» አለ። ዳኛዋ ወደ እትዬ ዘነበች ዞረች። እሳቸው በአስተርጓሚ፣ ቀጥ ብለው ቆመው መለሱ።

«ያን ጊዜ ቀጠሮ እንዳለበት አልነገረኝም፤ ቀብሩ የመጣው የዕድሩን ቅጣት ፈርቶ ነው። ከዕድር ለመቅረት ፈቃድ የምሰጠው እኔ ነኝ። አሁን ቀጠሮውን እዚሁ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። በዚያ ቀን የገዛ ወንድሜ ቢሞት እንኳ፣ እሱን ከቀብር አስቀርቼ እዚህ እልከዋለሁ። እምቢ ካለ ፖሊስ የምጠራው እኔ ነኝ!»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ዋስትናውን ፈቀደች። እኔ ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ። አብራኝ የመጣችው ዶና ክንዴን ጭምቅ አድርጋ፣ «ያ ደብተር ባይንደሩ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?» አለችኝ።

ቅዳሜ ሰለሞን አበባ ይዞ ኤርፖርት ነበር። በቀጠሮው ቀን ደግሞ የፍርድ ቤቱ በር ሳይከፈት ከሚስቱ ጋር ደረሰ። እትዬ ዘነበች ቀድመውት ቆመዋል። ደብተሩን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ተገኝቷል» ብለው ጻፉ።

ባይንደሩን ለተተኪዬ ሳስረክብ አንድ ገጽ ጨምሬበታለሁ። «ሰውየው ይመጣል አይመጣም ከማለታችሁ በፊት፣ እስከ ዛሬ ሳይቀር የሚሄድበት የት እንደሆነ ጠይቁ» ይላል።