የዐብዱልጀባር ፊርማ

ዘጠና ስምንት ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጣይባ ከቴፒ ወደ አማን ከተማ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ከአንድ የግል ጤና ኮሌጅ የመቀበያ ደብዳቤ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ደግሞ የተማሪ ብድር ቅጽ ይዛ መጣች። ቅጹ ተሞልቷል። የጎደለው እንደ ዋስ የሚፈርመው የቤተሰቡ ቡና መሬት ባለይዞታ፣ የአባቷ የዐብዱልጀባር ፊርማ ብቻ ነው። ምዝገባው መስከረም ሃያ ይዘጋል።

«ወለድ አለው» አለ ዐብዱልጀባር ቅጹን በጣቱ እየገፋ። «ወለድ ሐራም ነው። እዚህ ቤት አይገባም።»

ጣይባ አልተከራከረችም። ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው፤ ታከብረዋለች። «እሺ፣ በቡናው ክፈልልኝ። ደርሷል እኮ» አለችው።

የደበቁትን እናቷ ሁስና ተናገረች። ቡናው የካቲት ላይ፣ ገና በአበባው ሳለ፣ ለነጋዴው ለሸዋንግዛው በሲሶ ዋጋ ተሽጧል። ገንዘቡ ለወንድሟ ለጀዋር ኮሌጅ ሄዷል። አምናም እንዲሁ። ጀዋር ሚዛን ላይ ተማሪ ነው ይባላል፤ ሰው የሚያውቀው ግን ፑል ቤት ነው።

የጣይባ ደም ፈላ። «መቶ ብር የሚያወጣውን በሠላሳ መሸጥስ ምንድን ነው አባ? ሰባው ብር የማን ወለድ ነው?»

«እሱ ንግድ ነው!»

«እንግዲያው ሼኩን እንጠይቅ።»

ጠየቁ። ሼኩ አላቅማሙም፤ ያልበሰለን ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ መሸጥም አይፈቀድም አሉ። ቤት ሲገቡ ጣይባ ለአባቷ በተስፋ እስክሪብቶ አቀበለችው።

«ሁለቱም ሐራም ከሆነማ፣ በጥፋት ላይ ጥፋት አልጨምርም» አለና ሊሰግድ ተነሣ።

አይ የሰው ነገር! ለወንዱ ሲሆን ንግድ የነበረው፣ ለሴቷ ሲሆን ኃጢአት ሆኖ ዐረፈው። ጣይባ ያን ቀን የተቃጠለችው ያህል በሕይወቷ ተቃጥላ አታውቅም።

መስከረም ሃያ አለፈ። ጥቅምት ላይ ሸዋንግዛው የገዛውን ቡና ሊያስለቅም መጣ። ጣይባም ከለቃሚዎቹ ጋር ተመዝግባ፣ በኪሎ በሳንቲም ሂሳብ የአባቷን ቡና ለነጋዴ ትለቅም ጀመር። ዐብዱልጀባር አይቷት እየሮጠ ደረሰ።

«በገዛ መሬታችን የሰው የቀን ሠራተኛ? ነይ ግቢ! ሰው ምን ይላል?»

ጣይባ እጇን ከቅርንጫፉ አላነሣችም።

«ሰውማ ያውቃል፣ አባ። የካቲት ላይ ስትሸጠው አገር ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችውና ቅርጫቷን ይዛ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደች።