ጥላውን አልመልስ ያለው ሰውዬ

ባለቤቴ መቃብር አካባቢ በየሳምንቱ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚመጣ አንድ ሰውዬ አለላችሁ። የለበሰው ሰደርያ ኪስ በኪስ ነው፤ ኪሶቹ ውስጥ ግን አንዲት ነገር የለችም፣ አይቼዋለሁ። ፎቶ ሲያነሳማ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን ያወጣል!

«የማታውቀውን ሰው መቃብር ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እየተለማመድኩ ነው» አለኝ።

ያነሳውን አሳየኝ። ጉድ ነው! የሐውልቱ አናት ተቆርጧል፣ የቆሻሻው በርሜል ግን ከነሙሉ ቁመናው ወጥቷል።

«አንተ፣ የሞተው በርሜሉ ነው እንዴ?»

ሳቀና በርሜሉን ገፋው። ደግሞ ፀሐይዋን በጀርባው አድርጎ ስለሚቆም ጥላው ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል።

«ዞር በል! ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነው የተቀረጸው ፊደል ብቅ የሚለው። ማንበብ የማልችለው እኔ እንኳ የሽማግሌዬን ስም በጠዋት ፀሐይ ለይቼ አውቀዋለሁ።»

ሌሎቹን መቃብሮች እንዳልኩት አነሳቸው፤ አማረለት። ዳር ያለችው ዝቅ ያለች መቃብር ጋ ሲደርስ ግን ተመልሶ ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጣት።

«ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ነህ? ጥላህ ገባ እኮ!»

«ይግባ፣ እማማ» አለኝ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ። «እናቴ ናት። አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም።»

የኔ አፍ ደግሞ መች ዝም ይላል።

«ታዲያ ቀና በል እንጂ» አልኩት፣ «ከእናትህ ጋር ጎብጠህ ልትነሳ ነው?»